አዲስ፣ አሮጌ፣ ኪራይ ወይስ ስልክ? መጽሐፍ ለሚወድ የአዲስ አበባ ሰው

ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር ዕቃ የሚጭንልኝ ልጅ አንዱን ካርቶን ብድግ አድርጎ መልሶ ዱብ አደረገውና «ብረት ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፍ ነው ስለው ዋጋ ጨመረ። ካርቶኖቹ ሰባት ነበሩ። አዲሱ ቤት ገብቼ ስፈታቸው ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አንዴ አንብቤ ዳግመኛ አልከፈትኳቸውም። ጭራሽ ያላነበብኳቸውም አሉ። ሙሉ ዋጋ ከፍዬባቸው፣ በኪራይ ቤት ውስጥ ቦታ ሰጥቻቸው፣ ይኸው ኢሱዙም ተከራየሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ሲያምረኝ «ስንት ነው?» ከማለቴ በፊት «በየት በኩል ላንብበው?» እላለሁ። በአዲስ አበባ ያለው መንገድ ብዙ ነው። አዲስ መግዛት፣ ያገለገለ መግዛት፣ መከራየት፣ ቤተ መጻሕፍት መሄድ፣ በስልክ ማንበብ፣ ኢ-ሪደር (ለንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ) መያዝ፣ ማድመጥ። ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል አያዋጣም።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው የአንድ ንባብ ዋጋ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ማለቴ አይደለም። የከፈላችሁትን ያዙ፣ መጽሐፉን ስትሸጡት የሚመለስላችሁን ቀንሱ፣ የቀረውን ስንት ጊዜ እንደሚነበብ ላይ አካፍሉ። ለስሌት ያህል አዲስ መጽሐፍ 500 ብር ነው እንበል። አንዴ አንብባችሁ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጣችሁት አንዱ ንባብ 500 ብር ወጣበት። እናንተ ሁለቴ፣ ባለቤታችሁ አንዴ፣ እህታችሁ አንዴ ካነበባችሁት 125 ብር ሆነ። ያንኑ መጽሐፍ አሮጌ ተራ በ250 ገዝታችሁ በ100 ብትመልሱት 150 ብር ነው። ብሮቹን በራሳችሁ ገበያ ተኩ፤ ስሌቱ አይቀየርም።

ሁለተኛው ማግኘት ነው። የፈለግሁትን አነባለሁ ወይስ ያገኘሁትን? ሦስተኛው ከኑሮ ጋር መግጠሙ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ልጅ ካስተኙ በኋላ ይመቻል ወይ? አራተኛው ቦታ ነው። የራሱ ቤት ያለው ይህንን ሊዘለው ይችላል። ተከራይ ግን አይዝለለው። አምስተኛው ለደራሲው ምን ይደርሰዋል የሚለው ነው። እኛ አገር ብዙ ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። አንዱ መጽሐፍ ካልተሸጠ ሁለተኛው አይታተምም።

«የመጽሐፍ ሽታ» የሚባለውን መለኪያ አላስገባሁትም። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ዋጋ አይወጣለትም።

አዲስ መግዛት

የፈለጋችሁትን መጽሐፍ፣ በፈለጋችሁት ጊዜ፣ ንጹሑን ታገኛላችሁ። ለደራሲውም ገንዘብ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። የማተሚያ ወረቀት በብዛት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኅትመት ዋጋም አብሮ ወጣ። አንዳንዴ በጀርባ ሽፋኑ የታተመው ዋጋ ላይ ሌላ ዋጋ ተለጥፎ ታያላችሁ። ሁሌ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ግን ያው መጽሐፍ ሌላ ሱቅ በታተመበት ዋጋ ሊገኝ ይችላልና ሳትገዙ ሁለት ቦታ ጠይቁ።

ሱቅና አዟሪ ልዩነት አላቸው። አዟሪው ካፌ ድረስ መጥቶ፣ ክንዱ ላይ ከደረደረው ክምር «ይሄን አይተኸዋል?» ይላል። ቅናሽም ያደርጋል። ነገር ግን የሚይዘው በጣም የሚሸጠውን ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር ከፈለጋችሁ ሱቅ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈጠን አድርጋችሁ ገልጡ። እኔ አንድ ጊዜ ከገጽ 128 ቀጥታ ወደ 161 የሚዘል ልብ ወለድ ገዝቻለሁ። ሰውየው ሊገድል ሲሄድ ነው የተቋረጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱቁ ስመልሰው «አንተ ቀደህ ቢሆንስ?» አሉኝ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ገጾቹ በጥራዝ በጥራዝ ተሰብስበው ስለሆነ፣ ሲጎድል አንድ ገጽ ሳይሆን 16 ወይም 32 ገጽ አብሮ ነው የሚጎድለው። ሲደገምም እንደዚያው ነው። ሙጫውንም እዩ። መሀሉን ከፈት ስታደርጉት ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ በሁለተኛው ንባብ ቅጠል ቅጠሉን ትለቅማላችሁ።

የመጽሐፍ ምረቃና እንደ ንባብ ለሕይወት ያሉ ዐውደ ርእዮች ጥሩ ጊዜ ናቸው። ቅናሽ ይኖራል፣ ደራሲውም ይፈርምላችኋል። ችግሩ አምስት መቶ ብር ይዞ ገብቶ የታክሲ ሳያስቀር የሚወጣ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

አሮጌ ተራ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ካልጻፍኩ ይቆጨኛል።

ለገሃር፣ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ፤ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የሚታወቅባቸው ሰፈሮች እነዚህ ናቸው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ቦታ የቀየሩ አሉ። ስለዚህ የለመዳችሁት ሻጭ ካለ ስልኩን ያዙ። ቦታው ቢፈርስም ሰውየው አይጠፋም።

አሮጌ ተራ ውስጥ ሁለት ገበያ አለ። አንደኛው ባለፉት ዓመታት ታትመው ሰው አንብቦ የጨረሳቸው መጻሕፍት ናቸው። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ክርክርም ይቀበላሉ። ሁለተኛው ዳግም ያልታተሙት ናቸው። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ያወጣቸው፣ ሞስኮ ያለው ፕሮግረስ በአማርኛ አስተርጉሞ የላካቸው፣ የቆዩ የታሪክና የቋንቋ መጻሕፍት። በዘመናቸው በሳንቲም የተሸጡ ዛሬ ከአዲስ መጽሐፍ በላይ የሚጠየቅባቸው አሉ። እዚህ ገበያ ላይ «አሮጌ ስለሆነ ቀንስልኝ» ማለት ሻጩን ማሳቅ ነው።

ሻጩ መጽሐፉን ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ ዓይናችሁንም ያነባል። ለዓመታት ስትፈልጉት የኖራችሁትን መጽሐፍ ድንገት ብታዩ ፊታችሁን ጠብቁ። መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን አንሱ። ዋጋ ጠይቁ፣ «ውድ ነው» በሉ፣ አስቀምጡ። ከዚያ እግረ መንገዳችሁን እንደሆነ ሁሉ «ይሄስ?» በሉ። እኔ ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን «እንዴ! አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። የጩኸቴን ዋጋ ከፈልኩ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ? ዳግም ያልታተሙ መጻሕፍት በፎቶ ኮፒ ተባዝተው፣ ሽፋን ተሠርቶላቸው ይሸጣሉ። ፊደሉ ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ፣ በገጹ ዳርና በመሀል እጥፋቱ ላይ ግራጫ ጥላ ካለ፣ ወረቀቱም ለዕድሜው ከልክ በላይ ነጭ ከሆነ ኮፒ ነው። ሁለተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት መጽሐፍ ከአንድ መደርደሪያ ተሰርቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ አልገዛም። ሦስተኛ፣ ነቀዝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን መጽሐፍ ቤት ካስገባችሁ ለብቻው አይቀመጥም። ጎረቤቶቹንም ይበላል።

የመሸጫው ዋጋ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ። ነጋዴው ከእናንተ የሚገዛው ትርፉን አስቦ ነው። ከመሸጥ ይልቅ «ጨምሬ ልለውጥ» ማለት ይሻላል። ሁለት የጨረሳችኋቸውን ሰጥታችሁ ትንሽ ብር ጨምራችሁ አንድ ያላነበባችሁትን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቤት ውስጥም ቦታ ይለቀቃል። ከነጋዴው ጋር ከተዋወቃችሁ በኋላ ደግሞ የምትፈልጉትን ዝርዝር ስጡት። ሲገባ ይደውላል።

ለደራሲው? ምንም አይደርሰውም። ቢያንስ ግን መጀመሪያ ሲሸጥ ደርሶታል።

ኪራይ

አንዳንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ያከራያሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጽሐፉን ዋጋ መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ በተባባላችሁት ቀን ትመልሳላችሁ፣ ኪራዩ ተቀንሶ ቀሪው ይሰጣችኋል። ቀን ካሳለፋችሁ ይጨምራል። ብዙ ካዘገያችሁ መጽሐፉ የእናንተ ሆነ፣ መያዣው የእሱ።

አንዴ ለሚነበብ ልብ ወለድ፣ ለወንጀልና ለስለላ ታሪክ ከዚህ የሚሻል የለም። ገንዘብ ከሚከፈልባቸው መንገዶች በዋጋ ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀነ ገደብ ያስነብባል። የገዛሁት መጽሐፍ ሁለት ዓመት ይጠብቀኛል፤ የተከራየሁትን በአምስት ቀን እጨርሳለሁ። ማስመር አይቻልም፣ ገጽ ማጠፍ አይቻልም፣ ቡና ማፍሰስማ ጨርሶ። ስትወስዱት የተቀደደ ገጽ ካለ እዚያው አሳዩት። ስትመልሱ የምትከራከሩበት ነገር አይኑር።

ቤተ መጻሕፍት

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ለከተማው አንባቢ ሰፊ አማራጭ ሆኗል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው፣ በ1936 ነው የተቋቋመው። አሳታሚዎች የሚያሳትሙትን መጽሐፍ ቅጂ ለወመዘክር የማስገባት ግዴታ በሕግ ስላለባቸው፣ አሮጌ ተራ ያጣችሁት እዚያ ሊኖር ይችላል። ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ለምርምር ሰው ናቸው።

ዋጋው ዜሮ ነው፤ የምትከፍሉት ጊዜያችሁን ነው። ንባቡ በአብዛኛው እዚያው ቁጭ ብሎ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ለሚደርስ ሰው ልብ ወለድ በዚህ መንገድ መጨረስ ከባድ ነው። በፈተና ሰሞን ደግሞ ወንበሩ የተማሪ ነው፤ ይገባዋልም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍትን የምጠቀመው ለሁለት ነገር ነው። ገበያ ላይ የሌለን መጽሐፍ ለማየት፣ እና ውድ መጽሐፍ ከመግዛቴ በፊት ሠላሳ ገጹን ለመቅመስ። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ወመዘክር አዳራሽ የሚካሄዱትን የመጽሐፍ ውይይቶችም ተከታተሉ።

ስልክና ፒዲኤፍ

አሁን ወደ ጭቅጭቁ እንግባ። ቴሌግራም ላይ ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይገኛል። ነፃ ነው፣ ኪስ ውስጥ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ይነበባል። ቤት ውስጥ አንዲት ስንዝር ቦታ አይወስድም። ታዲያ ለምን መጽሐፍ እንገዛለን?

አንደኛው መልስ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ዘንድሮ የወጣ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ቻናል ላይ ሲለቀቅ ያለ ፈቃድ ነው። ከወረደው ላይ ደራሲው አምስት ሳንቲም አያገኝም። «ማስታወቂያ ይሆንለታል» የሚሉ አሉ። ማተሚያ ቤት ዕዳ ያለበት ደራሲ ፊት ይህን ደግመው ይበሉት እስቲ።

ሁለተኛው መልስ የፋይሉ ጥራት ነው። ሦስት ዓይነት ፒዲኤፍ አለ። የመጀመሪያው የገጽ ፎቶ ነው፤ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማተለቅ አይቻልም፤ ገጹን አጉልታችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ግራ ቀኝ ትጎትታላችሁ። አንዱ ፋይል ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆን ዳታም ይበላል። ሁለተኛው እንደ ፓወር ግእዝ ባሉ የድሮ የኮምፒዩተር አማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ነው። ሲያዩት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ቃል መፈለግም አይቻልም። ሦስተኛው በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልክና ኮምፒዩተር በጋራ በሚያውቁት የፊደል አሠራር፣ የተጻፈው ነው። ይፈለጋል፣ ይቀዳል። ለጥናት የምትፈልጉት ይህንን ነው።

የገጽ ፎቶ የሆነውን ማንበብ ግድ ካለባችሁ ስልኩን አግድም አዙሩት። ስፋቱ ለመስመሩ ይበቃል፤ ጣትም ያርፋል።

ሦስተኛው መልስ የራሴ ነው። ስልኬ ላይ ከመቶ በላይ መጽሐፍ አለ። የጨረስኩት አራት ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ እያለሁ መልእክት ይገባል። መልእክቱን ላይ ብዬ እወጣና ራሴን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ላይ አገኘዋለሁ።

ዳግም የማይታተም ወይም መብቱ ያለቀ መጽሐፍ ሲሆን፣ ወይም ደራሲው ራሱ በዲጂታል ሲሸጠው፣ ስልክ ጥሩ ነው። በመደብር ላለ መጽሐፍ ግን አልመክርም።

ኢ-ሪደር

እንደ ኪንድል ያለ መሣሪያ ስክሪኑ ወረቀት ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ዕንቁ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሳይሞክሩት የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ስድስት ኢንች ላይ የገጽ ፎቶ ፒዲኤፍ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላይ ከማዘዛችሁ በፊት የራሳችሁን አንድ የአማርኛ ፋይል በሰው መሣሪያ ክፈቱ። ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከወጣ ፎንት መጫን የሚቻል መሆኑን አጣሩ። አማርኛ ስካን በብዛት የምታነቡ ከሆነ ትልቅ ስክሪን ያለው ታብሌት ይሻላችኋል።

ማድመጥ

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሰው ትረካ ከንባብ ያንሳል ብሎ አይከራከርም። ዛሬ ሬዲዮውም፣ ዩቲዩቡም፣ የሚከፈልበት አፕም አለ። ዩቲዩብ ላይ ከሆናችሁ በፈቃድ የተተረከ መሆኑን መግለጫው ላይ እዩ። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 10 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ታክሲ ውስጥ የሚቆይ ሰው በሁለት ሳምንት የሥራ ቀን ጨረሰው ማለት ነው። ለግጥም፣ ለልብ ወለድና ለግለ ታሪክ ይሆናል። ማስታወሻ ለሚያዝበት መጽሐፍ አይሆንም።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የአንድ ንባብ ዋጋ | የፈለጉትን ማግኘት | ከኑሮ ጋር | ቦታ | ለደራሲው |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲስ መግዛት | ከፍተኛ፤ ከተደጋገመ ይወርዳል | ገበያ ላይ ካለ ቀላል | የትም ይሆናል | ይፈጃል | ይደርሰዋል |
| አሮጌ ተራ | መካከለኛ፤ ብርቅየው ውድ | በዕድልና በትዕግሥት | የትም ይሆናል | ይፈጃል፤ በለውጥ ይቀንሳል | አይደርሰውም |
| ኪራይ | ዝቅተኛ | ያለውን ብቻ | ቀነ ገደብ አለው | አይፈጅም | አይደርሰውም |
| ቤተ መጻሕፍት | ነፃ | ለቆዩ መጻሕፍት ጥሩ | ጊዜ ይጠይቃል | አይፈጅም | በቀጥታ አይደርሰውም |
| ስልክ | ነፃ ወይም ዝቅተኛ | በጣም ቀላል | በሁሉም ቦታ፤ ትኩረት ይሰርቃል | አይፈጅም | ከተገዛ ብቻ |
| ኢ-ሪደር | መነሻው ውድ፤ በኋላ ይወርዳል | ለእንግሊዝኛ ጥሩ | መብራት ሲጠፋም | አይፈጅም | ከተገዛ ብቻ |
| ማድመጥ | ነፃ ወይም ዝቅተኛ | ውስን | ለታክሲና ለኩሽና | አይፈጅም | በፈቃድ ከሆነ |

ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁ ቤተ መጻሕፍትና ኪራይ ይበቃችኋል። የምትገዙት የትምህርት መዝገበ ቃላትና ደጋግማችሁ የምትከፍቱትን ብቻ ይሁን።

ደሞዝተኛና ተከራይ ከሆናችሁ፣ እንደ እኔ፣ በወር አንድ አዲስ ግዙ። እሱም ሁለቴ እንደምትከፍቱት እርግጠኛ የሆናችሁበት ይሁን፤ ታሪክ፣ ግጥም፣ የምትወዱት ደራሲ። የቀረው ከኪራይና ከለውጥ ይምጣ። የታክሲውን ጊዜ ለጆሮ ስጡት።

ልጆች ያሏችሁ ለእነሱ ወረቀት ግዙ፤ አሮጌም ቢሆን። ይቀዱታል፣ ይስሉበታል፣ ያስነብቡታል። ያው መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ስለሚነበብ በስሌቱ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

የምርምር ሰው ከሆናችሁ መጀመሪያ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ፣ ቀጥሎ በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል፣ በመጨረሻ አሮጌ ተራ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄዳችሁ ነጋዴው የጥናታችሁን ርዕስ ሰምቶ ዋጋ ያወጣል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱ ከሽሮና ከበርበሬ ጋር የሻንጣ ኪሎ ይሻማል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ በሐበሻ ሱቆች የአማርኛ መጽሐፍ አታጡም። ሌሎቻችሁ አገር ቤት ስትመጡ የምትገዙትን ዝርዝር ቀድማችሁ ለአንድ ነጋዴ ላኩ። በሁለት ሳምንት እረፍት መሀል አሮጌ ተራ መዞር ጊዜ ይበላል። የቀረውን በሚከፈልበት ዲጂታልና በትረካ ሙሉት።

እኔ ከሰባቱ ካርቶን ሦስቱን ለውጬ ጨርሻለሁ። አራተኛውን ነጋዴው አይቶ «ይሄንን ማንም አይፈልግም» ስላለኝ አልጋ ሥር መልሼዋለሁ። አሁን የተከራየሁት የስለላ ታሪክ ነገ ማታ ቀኑ ይሞላል። 60 ገጽ ይቀረኛል።